በአቶ አበባው አፍ ስለ ፌሚኒዝም የተሰጠ ትምህርት

ጥር 24 ቀን 2015 ዓ.ም.
ንፋስ መውጫ

ለተከበሩ አቶ ይበልጣል፣
የአፋፍ ማርያም ሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበር

ጉዳዩ፦ በስህተት የተላከልኝን የምስጋና ወረቀት ስለ መመለስ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጉልበትዎን የሚቆረጥምዎት ብርድ ለቆዎት፣ ገብስዎ በሰላም ተወቅቶ ጎተራ ገብቶ፣ በሬዎችዎ ጠግበው፣ እርስዎም የደብሩ አስተዳዳሪ ለሕክምና ባሕር ዳር ከሄዱ ጀምሮ በሚጠብቁላቸው ወንበር ላይ በሙሉ ጤንነት ተቀምጠው እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኔ ደኅንነት ያስቡ እንደሆነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሴት ከመሆኔ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ደብዳቤው የምስጋና ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በቁጥር አስቀምጠዋለሁ።

አንደኛ፣ ባለፈው ኅዳር በማኅተም ስለላኩልኝ ጥሪ አመሰግናለሁ። ጥሪው የተጻፈው «ለአቶ ስንታየሁ ክንዱ» ነበር። ስንታየሁ የወንድም የሴትም ስም በመሆኑ ማንም ሊሳሳት ይችላል፤ እኔም በንፋስ መውጫ የሥነ ዜጋ ትምህርት ሳስተምር ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ እንዲህ ያለ ስህተት ለምጃለሁ። የደነቀኝ ከስሜ በታች ያለው ነው። «በሰበካችን ፌሚኒዝም የተባለ ነገር ሳይገባ እንዳልቀረ ስለተጠረጠረ፣ ምን እንደሆነ፣ ከሃይማኖታችን ጋር ይስማማ እንደሆነና ወደ ከብት ይተላለፍ እንደሆነ መጥተው እንዲያስረዱን» ይላል። ክቡርነትዎ ስለ ከብቱ ማሰብዎ የአንድ መሪ አርቆ አሳቢነት ነው፤ ከብቱ እስካሁን ደኅና መሆኑን ሰምቼ ተደስቻለሁ።

እኔም ባጃጁ እስከሚደርስበት በባጃጅ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል በእግሬ ተጉዤ ከደጀ ሰላሙ ደረስኩ። እርስዎ በታላቅ ትሕትና ተቀብለውኝ «ባልሽ ታሞ ነው አንቺን የላከሽ?» አሉኝ። ስንታየሁ እኔ ነኝ ብዬ መታወቂያዬን ሰጠሁዎት። መታወቂያውን ወደ ብርሃን ይዘው፣ ገልብጠው፣ መልሰው ገልብጠው ካዩ በኋላ ለጉባኤው የሰጡትን ውሳኔ አልረሳውም፦ «ፎቶግራፉ የእሷ ነው፤ ስሙ ግን የባሏ ነው።»

ባለቤቴ ታምሩ ይባላል። ይህን ስነግረው ሁለት ቀን በስሜ ሲጠሩኝ «አቤት!» እያለ ሲመልስ ከረመ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ማክዳ ነው፤ እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ቢታገሡኝ፣ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ።

ማክዳ የገበሬው የአቶ ጋሻው ልጅ ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ለቅኔ ቤቱ ተማሪዎች ውኃ ስታመላልስ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ግሱን በጆሮዋ ስትለቅም ኖራለች። አንድ ቀን መምህሩ የኔታ ዋሴ «ይህን ግስ አርባ» ብለው የጠየቁት ተማሪ ሲጠፋው ከአጥሩ ወዲያ የሴት ድምፅ አርብቶ መለሰ። የኔታ «ማን ነህ?» አሉ። «ውኃ ቀጂዋ ነኝ» አለች። እሳቸውም «እንስራሽን አውርጂና ግቢ» አሏት። ገባች። ነገሩ ይኸው ነው። ክቡርነትዎ ግን የአክስትዎ ልጅ ከስልኩ ላይ ያሳየዎትን አይተው፣ ፌሚኒዝም የሚባለው ነገር የሚጀምረው እንዲህ እንደሆነ ተረዱ።

አቶ ጋሻው ክፉ ሰው አይደሉም። ልጃቸውን ለማጨት ሽማግሌ ከመጣ ሰንብቶ ነበርና «ተማሪ ከሆነች ተማሪ ናት፤ ካልሆነች ግን ስንት ጊዜ ሽማግሌ እመልሳለሁ?» ብለው የጉባኤውን ፍርድ ይጠብቃሉ። ሕጉ በአሥራ ሰባት ዓመት ስለማጋባት ምን እንደሚል ልነግራቸው ስጀምር፣ እርስዎ ሴት በጉባኤ ፊት እንደማትናገር አስታውሰው አቋረጡኝ። ባስታወሱኝ ጊዜ ማክዳ ከበሩ ጥግ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልል ነበር። ሕይወቷ የሚወሰነው በእኔ አፍ መሆኑን ታውቃለች፤ አፌ ደግሞ ተዘግቷል።

ሦስተኛውና ታላቁ ምስጋናዬ ለዚህ ችግር ላገኙለት መፍትሔ ነው። እኔ ከኋላ በበርጩማ ተቀምጬ በሹክሹክታ እንድናገር፣ አቶ አበባው ከፊት ቆመው ሹክሹክታዬን ለጉባኤው እንዲያሰሙ አዘዙ። አቶ አበባው በሰበካው ውስጥ ለለቅሶም ለስብሰባም የሚለፍፉ፣ ድምፃቸው ከወዲያኛው ሸንተረር የሚሰማ የጉባኤው አባል ናቸው። እንዲህ ያለ መፍትሔ ያገኘ አእምሮ በላይ ጋይንት ብቻ ተወስኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

«ፌሚኒዝም ማለት፣ ሴት እንደ ወንድ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረች ሙሉ ሰው ናት ብሎ ማመን፣ ካመኑም በኋላ እንዳመኑት መኖር ነው» አልኩ በጆሯቸው። አቶ አበባው አንድ ቃል ሳይጥሉ አስተጋቡት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ይሄማ የራሳችን ሃይማኖት አይደለም እንዴ?» አሉ። ሌላው «መጀመሪያውን ወይስ እንዳመኑት መኖሩን?» ብለው ጠየቁ።

ከዚህ በኋላ የደረሰው ግን የአቶ አበባው ታማኝነት ያመጣው ነው። «ትንሽ ቀስ ይበሉ» አልኳቸው። «ትንሽ ቀስ ይበሉ!» ብለው በጉባኤው ላይ ጮኹ። «ኧረ ይሄስ ለእርስዎ ነው» አልኩ። «ኧረ ይሄስ ለእርስዎ ነው!» አሉ፤ ክቡርነትዎም ደንግጠው ከወንበርዎ ተነሡ። እኔም ተስፋ ቆርጬ ወደ ነገሬ ተመለስኩና «እኔ ሴት እንደ መሆኔ መጠን፣ ሁለት ልጆች ወልጄ እንደ ማሳደጌ» አልኩ። እነዚያ ሪዛም፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ደረታቸውን ነፍተው፦

«እኔ ሴት እንደ መሆኔ መጠን! ሁለት ልጆች ወልጄ እንደ ማሳደጌ!»

ትምህርቱን ሊሰሙ ከመጡት ሴቶች ወገን የአቶ አበባው ባለቤት ወይዘሮ ሙሉነሽ ብድግ አሉና «እሰይ! በል ሦስተኛውን አንተ ውለደው!» አሉ። ሴት በጉባኤ እንዳትናገር የወጣው ደንብ ስለ መሳቅ ምንም ስለማይል፣ ሴቶቹ ደንቡን ሳይተላለፉ እስኪያነቡ ድረስ ሳቁ። ማክዳም ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት።

እርስዎ ጉባኤውን ካረጋጉ በኋላ ዋናውን ጥያቄ አነሡ፦ «ነገሩ ከሃይማኖት ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም?»

እኔም የጌታችን ትንሣኤ በመጀመሪያ የተገለጠው ለሴቶች እንደሆነ፣ ሴቶቹም ሄደው ለሐዋርያት እንደ ነገሩ፣ ለዚህም የረዳቸው በመቃብሩ ደጃፍ ሰበካ ጉባኤ አለመኖሩ ሳይሆን እንደማይቀር በአቶ አበባው ጆሮ ተናገርኩ። አቶ አበባው የመጀመሪያውን እኩሌታ ካስተጋቡ በኋላ በድንገት ቆሙ። ወደ እኔ ዞሩና በራሳቸው ድምፅ፣ ያውም እንደዚያ ዝቅ ብሎ ሰምቼው በማላውቅ ድምፅ፣ «ለሐዋርያት ሲናገሩ በማን አፍ ተናገሩ?» ብለው ጠየቁኝ።

«በራሳቸው» አልኳቸው።

«እንግዲያ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አሉና ሄደው ከሚስታቸው አጠገብ ተቀመጡ። እርስዎም ተናጋሪው ስለተቀመጠ ትምህርቱ መጠናቀቁን አስታወቁ።

የኔታ ዋሴም እንዲናገሩ ተጠየቁ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና «የዚህ ቃል ግሱ ማን ነው?» አሉ። «ፈረንጅኛ ነው የኔታ» አሏቸው። «እንግዲያስ ግሱን በማላውቀው ቃል አልፈርድም፤ ልጅቱንም ያስተማርኳት በግእዝ ነው፤ በግእዝ ያጠፋችው ካለ ንገሩኝ» አሉ። ከዚያም ማክዳን ጠርተው አንዲት ባለ ሁለት ቤት ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና፣ እንድትዘርፍ አዘዟት። ሴት አትናገርም የሚለው ደንብ ስለ ቅኔ መናገሩን ማንም እርግጠኛ ስላልነበር፣ ልጅቱ ነጠላዋን አጣፍታ ዘረፈች። የመጀመሪያው ቃል ተንቀጠቀጠባት፤ ሁለተኛው ጸና። ሰሙ አንገቱን ከቀንበር ስለሚያሸሽ በሬ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው «ሰሙ የተማሪ ነው፤ ምሥጢሩ የመምህር ነው» አሉ። ክቡርነትዎ ከሁሉ ቀድመው ሳቁ። ወርቁ የደረስዎት በሦስተኛው ቀን እንደሆነ ሰምቻለሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የወሰኑትን ውሳኔ ተማሪዎቼ እንዲማሩበት በእጄ ገልብጬ ይዣለሁ። ፌሚኒዝሙ የተገኘው በአቶ አበባው ላይ ነው፤ በጉባኤ ፊት ሴት ነኝ ብለዋልና ለአንድ ዓመት ከአባልነት ታግደዋል። ማክዳ ጋሻው ወደ ቅኔ ቤት እንዳትገባ ተከልክላለች። አቶ ስንታየሁ ክንዱ ስለ ሰጡት ጠቃሚ ትምህርት የምስጋና ወረቀት ተጽፎላቸዋል።

ያን ዕለት ማክዳን ከአጥሩ ሥር አገኘኋት። አላለቀሰችም። «ባለቅስ ይቀለኝ ነበር» አለችኝ፤ «ያልደረስኩባቸውን ግሶች ስቆጥር ነው የቆየሁት።» አብሬያት ተቀመጥኩ። አባቷ በበኩላቸው የጋብቻ ሽማግሌዎቹ ከጥምቀት በኋላ ይመጣሉ ብለው ዶሮ ማሰብ ጀምረው ነበር።

የሚቀጥለው ሰኞ ግን የኔታ ውሳኔውን አስነበቡ። አንዴ ሰሙት፤ ደግመው ሰሙት። «ወደ ቅኔ ቤት እንዳትገባ ነው የሚለው?» አሉ። አዎ አሏቸው። አጎዛቸውን ተሸክመው ወጡና ከአጥሩ ማዶ ካለው ጽድ ሥር ዘረጉት። «ዛፍ ቤት አይደለም» አሉ። አሥራ ዘጠኙ ተማሪዎች ተከትለዋቸው ወጡ፤ ማክዳ ሃያኛ ሆና ተቀመጠች። አቶ ጋሻውም መጥተው ከሩቅ ቆመው አዩ፤ ልጃቸው የማይገባቸውን ነገር ስትመልስና የኔታ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አዩ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ «ልጄ ትምህርት ላይ ናት» ብለው መለሷቸው፤ ዶሮውን ግን አብረው በሉት።

ስለዚህ አራተኛው ምስጋናዬ፣ ባዶውን ቅኔ ቤት ፌሚኒዝም እንዳይገባበት ቆልፈው ዘበኛ ስላቆሙለት ነው። ዘበኛው ብቻውን መቆም ስለሰለቸው አሁን ከተማሪዎቹ ኋላ ተቀምጦ ግስ ይሰማል አሉ። ቤቱ ግን በሰላም አለ፤ ማንም አልተማረበትም።

አምስተኛ ምስጋና የለኝም። የጋይንትን የጥር ውርጭ እርስዎም ያውቁታል። ሃያ ልጆች ጠዋት ጠዋት በረዶ በመሰለ ሣር ላይ ይቀመጣሉ፤ የኔታንም ሳል ይዟቸዋል፤ ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ስሰማቸው አንዱን ቃል ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ቆሙ። ይህን በቀልድ ልጽፈው ብሞክር አልሆነልኝም። ሴት ሰው ናት ማለት ከእምነታችን ጋር ይስማማ እንደሆነ ጠይቀውኛል፤ አንድን ሽማግሌ መምህር ሴት ልጅ አስተማሩ ብሎ ብርድ ላይ ማስቀመጥ ከየትኛው እምነት ጋር እንደሚስማማ ደግሞ እኔ እጠይቅዎታለሁ። መልሱን በጽሑፍ ካልተመቸዎት በቁልፍ ሊሰጡኝ ይችላሉ።

የምስጋናውን ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ፤ አቶ ስንታየሁ የሚባሉትን ሰው ያገኟቸው ዕለት ይስጡልኝ።

የወንበርዎን እግሮች ምስጥ እንዳይበላቸው፣ የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ፣ ያሳገዷቸው አቶ አበባውም ምጡን በሰላም እንዲገላገሉ እየጸለይኩ፣ ከበርጩማዬ ሳልነሣ እጅ ነሥቼ የምሰናበትዎ፣

ወይዘሮ ስንታየሁ ክንዱ
(ፎቶግራፉም ስሙም የእኔ)

ማስታወሻ፦ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ከጽዱ ሥር ሃያ አንደኛ ተማሪ ተቀምጣለች፤ ልጅዎ ቤቲ ናት። የኔታ «አባትሽ ፈቅዷል?» ብለው ቢጠይቋት «ወደ ቤት አትግቡ ነው እንጂ ወደ ዛፍ አትሂዱ አላለም» ብላ መለሰች። ሰኞ ጠዋት ጠፍቶብዎት ቤቱን ሲያተራምሱለት የዋሉትን ጋቢ ከእንግዲህ አይፈልጉት፤ ለየኔታ አልብሳቸዋለች። ሳላቸው በረድ ብሏል።