የኖህ ሚስት

ጥቅምት 8

ዛሬ ማቲዎስ ኪሎዬን ጠየቀኝ። ሽሮ እያማሰልኩ። ደብተሩን ይዞ ኩሽና በር ላይ ቆሞ... "ስንት ትሆኛለሽ? በግምት አይደለም፣ በትክክል።"

ለጀልባው ነው። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ተኩል ቀርቶታል። ከዚያ ሐረማያ ሐይቅ ላይ ባለ ሸራ ጀልባ ሊኖረው። ደርቆ የነበረው ውሃ ተመልሷል ይላል። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው! ጭሮ መሀል ተቀምጦ፣ ዙሪያው ተራራ! ጀልባው ገና ደብተር ላይ ነው። ሸራው ግን ተጀምሯል። ለጫት መኪናዎች ሸራ የሚሰፋው ጓደኛው ታጁዲን እየሰፋለት ነው።

"የሴት ኪሎ አይጠየቅም" አልኩት። ሳቅ ብሎ ሄደ። በኋላ ደብተሩን ሰርቄ አየሁ። የሱ ስም፣ ሰባ ሁለት ኪሎ። የኔ ስም፣ ከጎኑ ባዶ መስመር።

አፈርኩበት። ሰው ቢሰማስ?

ጥቅምት 12

የሚካኤል ማኅበር እቴነሽ ቤት ነበር። ሴቶቹ የባሎቻቸውን ጡረታ አነሱ። የአንዷ ሱቅ ሊከፍት፣ የአንዷ ሚኤሶ ከብት ሊያደልብ... "ያንቺስ?" አሉኝ። ሌላ ሰው ከመሳቁ በፊት እኔ ልሳቅ ብዬ፣ "የኔማ ኖህ ሆኗል! መርከቡን ጀምሯል፣ ዝናቡን ብቻ ነው የምንጠብቀው" አልኩ።

ሳቁ። እቴነሽማ እንባዋን እስክትጠርግ።

ለራሴ እንኳን ልዋሽ? ደስ ብሎኝ ነበር።

ጥቅምት 19

ባጃጅ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች። "ኖህ ነገ ይፈትነናል" ይባባላሉ። ሳምንት ብቻ! ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

ጥቅምት 23

ማቲዎስ ምሳ አልበላም። ክፍል ሲገባ ሰሌዳው ላይ መርከብ ተስሎ ጠበቀው። ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ መሀል ላይ እሱ ከነመነጽሩ። "አሳሳሉስ ጥሩ ነው" አለ። ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም።

"ለማን ነገርኩ? ለታጁዲንና ላንቺ ብቻ።"

ወጡን ወደሱ አስጠጋሁለት።

"አንቺማ አታደርጊውም።"

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር... ሰሃኑን አነሳሁ።

ጥቅምት 24

ሸራውን ከታጁዲን ሱቅ አምጥቶ አልጋ ሥር ከተተው። ግማሹ አልተሰፋም።

"ምን አልከው?"

"ምንም። ስጠኝ አልኩት፣ ሰጠኝ።"

የሃያ ዓመት ጓደኛው። ልጃችን ሮዳስ ታማ መኪና ባጣን ጊዜ፣ የጫት መኪና ለምኖ ድሬዳዋ ያደረሰን እሱ ነው። እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 27

ታጁዲን ጋ ሄድኩ። በሩን ሦስት ጊዜ አልፌው ተመለስኩ። አየኝ።

"ኮታ፣ ይግቡ እትዬ አይናዲስ።" በርጩማውን ጠርጎ ሰጠኝ። ይሄ ይባስ አሳፈረኝ። አልተቀመጥኩም።

"ኖህ ያልኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "ማኅበር ላይ። ለሳቅ ብዬ።"

ስፌቱን አቆመ።

"ዋላሂ፣ እኔ ሠራተኞቼን ስጠረጥር ነበር የከረምኩት።" ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "እኛ ዘንድ የኑህ ሚስት መርከቡ ላይ አልወጣችም። እብድ ነው እያለች ለሰው ታወራ ነበር።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ! "እኛ ዘንድ ገብታለች" አልኩ።

ስፌቱን መልሶ ያዘ። "እንግዲያ በእናንተው ይሁንልዎ። ግን ለሱ ራስዎ ይንገሩት። እኔ አልነግርም።"

ጥቅምት 28

ነገርኩት። ቆሜ። ሳቃቸውን ሳይቀር፣ ደስ እንዳለኝም ሳይቀር። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"አፍረሽብኝ ነው?"

"አዎ።"

ጫማውን አድርጎ ታጁዲን ጋ ሄደ።

ኅዳር 2

አያናግረኝም። ጨው አቀብዪኝ እንኳን አይልም፣ ተነስቶ ራሱ ያመጣል። አልጋ ሥር አየሁ፣ ሸራው የለም። ታጁዲን ጋ ተመልሷል። እነሱ ታርቀዋል... ተመስገን። እኔ ነኝ የቀረሁት።

ኅዳር 12

ማኅበር። እንዳልሄድ አስቤ ነበር። ገና ሳልቀመጥ እቴነሽ፣ "ኖህ እንዴት ነው? መርከቡ አለቀ?" ሁሉም ለመሳቅ ተዘጋጅተው አዩኝ።

"ስሙ ማቲዎስ ነው" አልኩ። "ያን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ነውር ነው የሠራሁት። ጀልባ ይኖረዋል። እኔም አብሬው እወጣለሁ።"

እቴነሽ ዳቦውን ማደል ጀመረች። ፊቴ ጋለ። አሁን ስጽፍም አልበረደም።

ስመለስ መድኃኒት ቤቱ ጋ ገባሁና ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ልጅቷ ጮክ ብላ አነበበችው፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ሰማ። ይስማ።

ቤት ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስሜ ጎን ያለው መስመር አሁንም ባዶ ነው። "81" ብዬ ጻፍኩበት።

ራት ላይ ደብተሩን ገለጠ። ገጹ ላይ ቆየ። እኔ ወጤን እያየሁ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከአሥራ አራት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ...

"ጫማሽን አውልቀሽ ነው የተመዘንሽው?"

አላወለቅኩም ነበር። ነገ ሄጄ እንደገና እመዘናለሁ።