ከአልጋህ ጋር የታሰረው ብስክሌት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህ እንዴት ነው? እንቅልፍህስ? የእማዬ ጉልበት በዚህ ብርድ እንዴት ሆነ? የአባዬ ሳልስ ቀለል አለለት? ብስክሌቱስ ደህና ነው? ይቅርታ፣ ከሁሉ በፊት የእሱን ጤና መጠየቅ ነበረብኝ። በዚያ ቤት ማን ቀድሞ እንደሚጠየቅ አሁን ገብቶኛል። እኔ አካሌ ደህና ነው። ልቤ ግን ካለፈው እሑድ ጀምሮ እርር ብሏል።

በስልክ ያልነገርኩህ ስለምትዘጋብኝ ነው። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ለእማዬ የምታነብላት አንተ ስለሆንክ ደግሞ ግልባጩን ለእህታችን ልኬላታለሁ። መስመር ብትዘል ታስታውስሃለች።

እሑድ የላክህልኝን ፎቶ አየሁት። ከሥሩ «እህትህ የሠራችውን እይ» ብለሃል። ሳትጠይቀኝ ወስዳው ሥራ ሄደች፤ ድንጋይ አጥር ላይ አስደግፋ ቀለሙን አረገፈችው፤ ከዚያ በኋላ ነው ከአልጋዬ ጋር ያሰርኩት አልክ። እማዬም አምናህ አኩርፋታለች። እህታችን ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት የምትሠራበት ላውንደሪ በር ላይ መገኘት አለባት። በዚያ ሰዓት ታክሲ የለም። ሁለቴ አርፍዳለች። ሦስተኛ ከደገምሽ እንዳትመጪ ብለዋታል። ይህን ታውቃለህ። አውቀህ ነው ቁልፉን አንገትህ ላይ ያንጠለጠልከው።

አሁን ስማኝ። ቀኑን ሙሉ የምሠራው ቀለም ከጭረት ማዳን ነው። የሰው ብስክሌት አጥባለሁ፣ በአልኮል እጠርጋለሁ፣ የሳሙና ውኃ እረጫለሁ፣ ግልጽ ላስቲክ አልብሼ ውኃውን በካርድ ገፍቼ አስወጣለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ ብስክሌቱን እንደ ሕፃን አቅፎ መጣና አደራ እንዳትነኩብኝ አለን። አለቃዬ «ታዲያ በዓይናችን እናልብሰው?» አለው። ሁላችንም ሳቅን። ወዲያው አንተ ትዝ አልከኝ። ሳቄ እዚያው ቀረ።

ጭረት አውቃለሁ። ጎማ ያስፈነጠረው ጠጠር ከታች ይመታል፤ የተበተነ ነጠብጣብ ነው። አጥር የነካው ረዥም መስመር ያወጣል። ያንተ ፎቶ ግን ሌላ ነው። አሰፋሁት። ደግሜ አሰፋሁት። ከመሪው እስከ መቀመጫው የሚሄደው የላይኛው ቧንቧ ላይ በእኩል ርቀት የተሰለፉ ሰባት ቁስሎች፣ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ አፍጥጦ። ከጎናቸው ያሰርክበት ሰንሰለት ተጋድሟል። በየቁስሉ ትይዩ አንድ አንድ ቀለበት። ጨርቅ ሳታለብሰው፣ ያረጀ የውስጥ ጎማ እንኳ ሳትጠመጥምበት፣ ባዶ ብረት አሰርክበት። በተገላበጥክ ቁጥር አልጋው ይነቃነቃል፤ ሰንሰለቱ ይፈገፍጋል። ተኝተህ ላጥከው። እሷ በመሪው ነው ያስደገፍኩት ብላኛለች፤ እንዲህ ከሆነ ቧንቧው አጥሩን አይነካም። ወንድም ጋሼ፣ ቀለሙን ያረገፍከው አንተ ነህ። ከፎቶው ጥግ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ የላክኩልህ የላስቲክ ጥቅል ይታያል። አልተፈታም።

ከዚያ ራሴን ጠረጠርኩ። ከብስክሌቱ ጋር የላክኩልህ ወረቀት ትዝ አለኝ። ሦስት ገጽ። በምን እንደሚታጠብ። የት እንደሚደገፍ። የፍሬን ሽቦው የሚፈገፍግበት ቦታ ላይ ምን እንደሚለጠፍ። አንዲት ጭረት ባይ ወየውልህ ብያለሁ። ማን እንደሚነዳው ግን አንድ መስመር የለበትም። ፍርሃቱን የሰጠሁህ እኔ እሆን? እሆናለሁ። ይህን ሳስብ ላስቲክ የምቆርጥበትን ምላጭ አስቀምጣለሁ። ግን እናቴን ከእህቴ አኳርፍ ብዬ አልጻፍኩልህም። ያ የራስህ ነው።

ስለዚህ ይህ ወረቀት እጅህ በገባበት ቀን ሰንሰለቱን ትፈታለህ። ቁልፉን ከአንገትህ አውጥተህ ለእህታችን ትሰጣታለህ። እማዬ ፊት ቆመህ እሷ አላበላሸችውም፣ እኔ ነኝ ትላለህ። የተላጠውን ዝገት ሳይቀድመው በጥፍር ቀለም ድፈነው። ላስቲኩን እሷ ትለጥፈዋለች፤ በስልክ አሳይቻታለሁ። ጊዜ ካጣች ደግሞ ይቅር። ይጫር። ሥራ ስትሄድ የተጫረ እንደሆነ አንድ ቃል አልናገርም። ብስክሌቱ ከዛሬ ጀምሮ የእሷ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝና ልጅሽን ሳትጠይቂ አትፍረጂባት በልልኝ። አባዬ ሳሉን ችላ እንዳይለው፤ ሐኪሙ ያዘዘለትን ይጨርስ። አክስቴን፣ የላክሽልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል በልልኝ። እህቴ፣ አንቺም ይህን እያነበብሽ ነው፤ ጎማውን አብዝተሽ አትንፊው፣ ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን ብቻ እንዳትይዢ።

ያንተ ሰላምታ እኔ ጋ ተቀምጧል። እህታችን በሰዓቷ ሥራ ገባች የሚል ወሬ የደረሰኝ ቀን እልክልሃለሁ።

ታናሽ ወንድምህ

ከወርክሾፑ ፎቅ ላይ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 7 ቀን