የተራራው አንቴና ባለሙያ የ«አቶ ቀንሱ» የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው አባታችን ከቀጥቃጭ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ከተራራው ጀርባ ባለው ሸለቆ ተወለዱ። አባታቸው ቀድመው ስላረፉ እናታቸው በመርፌ አሳደጓቸው። በ1966 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቀው በሬዲዮ ጣቢያ ተቀጠሩ።

በ1969 ዓ.ም. ጣቢያው ተራራው ጫፍ ላይ አንቴና ሲተክል ፍተሻው የእሳቸው ነበር። ታች ሜዳው ላይ ባለው ወርክሾፕ በሙሉ ኃይል ሞክረው «ደህና ነው» ብለው ፈረሙ። ተራራው ላይ በተከፈተበት ቀን ግን ከአንቴናው ጫፍ ሰማያዊ ነበልባል ተነሣ፤ ሽቦው ቀለጠ፤ ጣቢያው ዝም አለ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ታች የሚያግደውን ኤሌክትሪክ እዚያ ማገድ ይሳነዋል። ይህን ተምረውታል፤ ሲፈርሙ ግን ልብ አላሉትም።

ከዚያ ወዲያ ኃይሉን በግማሽ ገደቡት። አለቃቸው «ሙሉ ጣቢያ ሰጥተንህ ግማሽ ድምፅ ታወጣለህ?» ቢሏቸው፣ «ጌታዬ፣ ዝም ከሚል ሙሉ የሚናገር ግማሽ ይሻላል» አሉ። «አቶ ቀንሱ» የተባሉትም ያኔ ነው። በ1972 ዓ.ም. መምህርት ባለቤታቸውን ሲያገቡ ሚዜዎቻቸው ሙዚቃውን ዝቅ እያደረጉ ቀልደውባቸዋል።

ግማሹ ድምፅ ግን ተራራውን ተሻግሮ ሸለቆው አይደርስም ነበር። ሊጠይቋቸው በወረዱ ቁጥር እናታቸው ሬዲዮአቸውን እየነካኩ «ልጄ፣ ያንተ ጣቢያ ለማን ነው የሚያወራው?» ይሏቸው ነበር። ወደ ተራራው ሲመለሱ ሥራቸው ድምፁን ሸለቆው ማድረስ ብቻ ሆነ፤ የአንቴናውን ሹል ጫፎች በድቡልቡል ብረት ለወጡ፣ ክፍተቶቹን አሰፉ፣ እንዳይንጣጣ እያዳመጡ ኃይሉን በጥቂት በጥቂቱ ጨመሩ። ዓመታት ፈጀ። በ1984 ዓ.ም. አንቴናው ሙሉውን ኃይል ያለ አንዲት ብልጭታ ቻለ።

እናታቸው ከተቀበሩ ሳምንታት አልፈው ነበር። ተራራውን ወርደው ከእናታቸው የስፌት መኪና አጠገብ ተቀመጡና ሬዲዮውን ከፈቱ። ጥርት ብሎ ተሰማ። ስለ ዝናብ የሚነገረውን እስከ መጨረሻው አዳምጠው ዘጉት። ባለቤታቸው ያን ቀን በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው እንጂ አልገቡም።

በኋላ ሳንባቸው ታሞ ሐኪም ከፍታ ከለከላቸው። በቤተሰባቸው መካከል ሲታከሙ ቆይተው ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንም ትተውልናል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ድምፃቸው ላልደረሳቸው እናታቸው እሳቸው ራሳቸው ይድረሱላቸው።