ሽፋኑ ላይ ያለችው፣ መዝገቡ ላይ የሌለችው እህቴ

ረቡዕ፣ ግንቦት 13 ቀን

ለዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ተሳትፎና ቆይታ ማሳደጊያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት ስብሰባ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ወደ ምስጋናዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ባምን ይሻላል መሰለኝ፤ ለማመን ግን ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ። የሰው ወረቀት አነባለሁ። ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤት የምሠራ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነኝ። አሠሪዬ ጋሼ ቀለም (ጣታቸው ከቀለም ተለይቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው) በተቀጠርኩበት ቀን «ልጄ፣ እኛ ወረቀት እንገለብጣለን እንጂ ወረቀት አናነብም» ብለው አስጠንቅቀውኝ ነበር። እኔ ግን ሰው ቀና ብዬ ማየት ስለሚያሳፍረኝ ዓይኔን የማሳርፍበት ሌላ ቦታ የለኝም። ዛሬ ጠዋት የእርስዎን ሪፖርት አነበብኩ። ስለ ድፍረቴ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ የእርስዎም የቤተሰብዎም ጤና ልክ እንደ ሪፖርትዎ ዘጠና ስድስት ከመቶ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ።

ትምህርቴን ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ስለሆነ የጽሕፈት ቤትዎን ስም ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። በርዎ ላይ «ቆይታ ማሳደጊያ» የሚለውን ሳነብ፣ ተማሪ ትምህርቱን ሳያቋርጥ እንዲቆይ የምትረዱ መስሎኝ ነበር። እህቴ ስድስት ጠዋት ከተመላለሰች በኋላ ግን ትክክለኛው ትርጉም ገባኝ፤ ቆይታዋ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ነበር፣ እያደገ እያደገ አራት ሰዓት ደረሰ። ስሙን እንዲህ በተግባር የሚያሳይ መሥሪያ ቤት ብርቅ ነውና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ደንባችሁ። እናታችን የአንድ ሕንፃ ደረጃ ስታጥብ ተንሸራትታ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ሆስፒታሉ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ አስታማሚ አያስገባም፤ እኔን ዘበኛው ገና አፌን ሳልከፍት «አንቺ ሚጢጢ፣ ሂጂ ትልቅ ሰው ጥሪ» ብሎ መለሰኝ፣ እኔም እንደ ልማዴ ሳልከራከር ተመለስኩ። ስለዚህ እቴቴ፣ ማለትም በዩኒቨርሲቲዎ የመድኃኒት ቅመማ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሆነችው ታላቅ እህቴ፣ ዘጠኝ ቀን ከክፍል ቀርታ አስታመመቻት። ከአሥር ቀን በላይ የቀረ ተማሪ እንደሚሰረዝ፣ የሐኪም ወረቀቱ ላይ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ካረፈበት ግን በራሱ ወይም በቤተሰቡ ሕመም ምክንያት የቀረባቸው ቀኖች እንደማይቆጠሩበት፣ እኔው ራሴ ባባዛሁት ማስታወቂያ ላይ ተጽፏል። ጽሕፈት ቤቱ የሚከፈተው ጠዋት ብቻ ነው። የእቴቴም ትምህርት ጠዋት ብቻ ነው። ማኅተሙን ፍለጋ እናንተ ጋ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠችባቸው ስድስት ጠዋቶችም ከክፍል እንደ መቅረት ተቆጠሩባት። ዘጠኝና ስድስት አሥራ አምስት ነው፤ ይህን ስምንተኛ ክፍል ሳልደርስ ነው የተማርኩት።

ሁለተኛ፣ ስለ ጸሐፊዎ ትሕትና። አንድም ቀን «አይሆንም» የሚል ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። «ቆዪ እህቴ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው»፤ «ቆዪ የኔ ቆንጆ፣ አሁን ይወጣሉ»፤ «ቆዪ፣ ማኅተሙ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው»። ተማሪዎቹ ስሟን ትተው «ቆዪ» ብለው ነው የሚጠሯት። ከእቴቴ ጎን የተቀመጠ አንድ ልጅ ጺሙን እየዳበሰ «እኔ እዚህ ስመጣ ይሄ አልነበረኝም» ቢል ወንበሩ ላይ ያለው ሁሉ በሳቅ ፈርሷል። በዓመቱ ውስጥ ከታየው የተማሪዎች ተሳትፎ ሁሉ የደመቀው ይህ ይመስለኛል፤ በሪፖርቱ ውስጥ ግን ፈልጌ አጣሁት።

ሦስተኛ፣ ስለ አስተያየት መስጫ ሣጥኑ። ሞልቷል። ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

አራተኛ፣ ስለ ባጁና ስለ ፎቶው። እቴቴ በተመላለሰች በሁለተኛው ቀን ሁለት ወጣቶች ከቢሮዎ ብቅ ብለው፣ ወንበሩ ላይ ለተደረደሩት ተማሪዎች «እቆያለሁ!» የሚል አረንጓዴ ባጅ ደረት ደረታቸው ላይ አደረጉላቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለተቀመጠ ሰው ይህን ማስታወቅ ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም፤ ትምህርቴ አጭር ስለሆነ ይሆናል። ከዚያ ፎቶ አንሺ መጥቶ እቴቴን «ፈገግ በይ እንጂ እህት፣ የተቀጣሽ ትመስያለሽ» አላት። እሷም ፈገግ ያለ ሰው ቶሎ ማኅተም የሚያገኝ መስሏት ፈገግ አለች።

አምስተኛው ምስጋና ከሌሎቹ ይረዝማልና ይታገሡኝ፤ እኛ ታግሠናችኋል። ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ጸሐፊዎ ወደ ሱቃችን መጥታ፣ ለነገው የዩኒቨርሲቲው ጉባኤ የሚሆን ሪፖርት በአርባ ቅጂ ተባዝቶና ተጠርዞ እንዲደርስ አዘዘች። እቴቴን «ቆዪ፣ መጣሁ» ብላት የወጣችው ለዚህ ነበር። እኔ የማን እህት እንደሆንኩ አታውቅም፤ እኔም ቀና ብዬ አላየኋትም። ሽፋኑን በፊቱ ደፍቼ ቁልፉን ስጫን፣ እቴቴ ባጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች፣ ፈገግ ብላ፣ ገና ትኩስ ሆና ከማሽኑ ወጣች። ከሥሯ «ንቁ ተሳትፎ፣ ዘላቂ ቆይታ» የሚል ጽሑፍ አለ። ደስ አለኝ። ለጋሼ ቀለም ላሳያቸው ሁሉ ፈልጌ ነበር።

ገጽ አሥራ ዘጠኝ ስደርስ «በራሳቸው ፈቃድ ትምህርታቸውን የለቀቁ» የሚል ሠንጠረዥ አገኘሁ። አርባ አንድ ስም አለበት፤ ሃያ ሦስተኛው የእቴቴ ነው። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፣ እነዚህ ተማሪዎች ወደውና ፈቅደው ስለሄዱ ካቋረጡት ጋር እንዳልተቆጠሩ ተገልጿል። ከተማሪዎቻችን ዘጠና ስድስት ከመቶው ቆይተዋል የሚለው ቁጥር የተገኘው በዚህ መንገድ መሆኑ ነው። የሄዱትን ካልቆጠሩ ማንም አልሄደም ማለት ነው፤ ይህ ሒሳብ ምናልባት ዘጠነኛ ክፍል ላይ የሚሰጥ ይሆናል፣ እኔ አልደረስኩበትም።

የተበላሸ ቅጂ ይዤ፣ በሥራ ሰዓት ሱቁን ለጋሼ ቀለም ጥዬ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሮጥኩ። በራሷ ፈቃድ ለቃለች የተባለችው እህቴ እዚያው ወንበር ላይ፣ የእናታችንን የሐኪም ወረቀት ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ወረቀቱን ሰጠኋት። መጀመሪያ ሽፋኑን አይታ «ውይ፣ ፀጉሬን እንኳ አላበጠርኩም ነበር» አለች። ቀጥላ ገጽ አሥራ ዘጠኝን አነበበች፤ ደግማም አነበበች። የሐኪሙን ወረቀት በአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ፈቃድ ተነሥታ ሄደች። ሪፖርትዎ እውነት የሆነው ያን ጊዜ ነው። ተማሪን በአንድ ገጽ የማሰናበት ችሎታዎን ያደነቅሁትም ያን ጊዜ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስገባ እቴቴ የእናታችንን የሥራ ካፖርት ትለካ ነበር። እጅጌው ያጥራታል። እናታችን ምንም አታውቅም፤ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ከማትነሣበት አልጋዋ ላይ ሆና እንደ ሁልጊዜው «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ስትላት እቴቴ ካፖርቱን ከጀርባዋ ደብቃ «ስለ ትዕግሥት» አለቻት። እናታችንም «እሱ ደግሞ ከመድኃኒት ይቆጠራል እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ክቡር ሆይ፣ ነገ ጉባኤው ያን ሠንጠረዥ ካጸደቀው ስሙ የገባበት ሰው እንደማይመለስ ገጽ ሃያ ላይ ተጽፏል፤ እሱንም አንብቤዋለሁ። ባጅ አንፈልግም፣ ፎቶም አንፈልግም። የምንፈልገው ማኅተም ክብ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ኪስዎ ውስጥ ነው፤ አውጥቶ ለመምታት የሚፈጀው ጊዜ «ቆዪ» ከማለት አይበልጥም። ስለ እቴቴ የሚመሰክር ሰው ካስፈለገዎም የራስዎን ሽፋን ይጥሩት።

ከአንድ ስብሰባ ወጥተው ወደ ሌላው እስኪገቡ ባለችው ክፍተት ዓይንዎ በዚህች ወረቀት ላይ እንዲያርፍ በታላቅ ትሕትና እየለመንኩ፣ ወንበሩ ሞልቶ ስለነበር ቆሜ የምሰናበትዎ፣

የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ፣
የተራ ቁጥር ሃያ ሦስት ታናሽ እህት

ግልባጭ፦
– ለጉባኤው አባላት፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ
– ለእቴቴ
– ለአስተያየት መስጫ ሣጥኑ (ቦታ ከተገኘ)

ማስታወሻ (ከጥረዛው በኋላ ለእርስዎ በሚደርሰው ወረቀት ላይ ብቻ የተጨመረ)፦ አባላቱ ግልባጩ እንዴት ይደርሳቸዋል ብለው አይጨነቁ። ያዘዙት አርባ ቅጂ ተጠናቋል፤ ይህ ደብዳቤ በእያንዳንዱ ውስጥ ከሽፋኑ ቀጥሎ አንደኛ ገጽ ሆኖ ተጠርዟል። ጋሼ ቀለም ሲያዩኝ ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበቡና «ለዚች ደብዳቤ ወፍራሙን ወረቀት አድርጊላት» ብለውኝ ሙጫውን ራሳቸው ቀቡ። የእሳቸው ሙጫ ጠንካራ ስለሆነ ይህን ገጽ የገነጠለ ሰው ሽፋኑንም አብሮ ይገነጥላል፤ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው። ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አርባውንም ተሸክሜ አዳራሹ ድረስ አመጣለሁ፣ በሰው ሁሉ ፊት አንድ በአንድ አድላለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል አልናገርም። የእቴቴን ባጅ ደረቴ ላይ አድርጌ በሩ አጠገብ እቆማለሁ፤ ጸሐፊዎ ሂጂ ብትለኝ ባጁን አሳያታለሁ። እቆያለሁ።