ቀይና ነጭ ዱላ

ቡታጅራ፣ ኅዳር 26 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላህ። ወገብሽ እንዴት ነው? እንሰቱስ ተፍቆ አለቀ? የአባባ ጉልበትስ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ደብዳቤውን የአጎቴ ልጅ ሰፍያ ታንብብልሽ፤ አባባ መስጊድ ሲሄዱ ይሁን።

ለአረፋ ሽማግሌ ሊልክ የነበረው አሚኑ መሞቱን ሰምተሻል። አላለቀስኩም። ሰው ጠንካራ ናት ይለኛል፤ ደንዝዤ ነው እንጂ ምን ጥንካሬ አለኝ።

መንገዱ ተቆፍሮ መኪና የሚያልፈው ባንድ ወገን ብቻ ነው። እኔ በዚህ ጫፍ ባንዲራ ይዤ እቆማለሁ፣ አሚኑ በዚያ ጫፍ። መሀል ላይ ከደጃችሁ በላይ ያለው ጠመዝማዛ ስላለ አንተያይም። ሬዲዮ ስለሌለን ቀይና ነጭ የተቀባ ዱላ አለን። ከኔ በኩል መጨረሻ ለሚያልፈው መኪና እሰጣለሁ፤ አሚኑ ሲደርሰው በሱ በኩል የቆሙትን ይለቅና በመጨረሻው መኪና ይመልስልኛል። ዱላው ካልመጣ ማንም አይለቅም። እሱ ከዱላው ጋር የዘይቱን ፍሬ ይልክልኝ ነበር፣ ግማሹን የመኪና ረዳቶቹ እየበሉብኝ።

ያን ቀን መጨረሻ ያለፈው አይሱዙ አባባ ከገበያ ሲመለሱ የተሳፈሩበት ነው። ለማላውቀው ረዳት ከምሰጥ ብዬ ዱላውን በሁለት እጄ ለሳቸው አቀበልኳቸው። "አላህ ይስጥሽ ልጄ" አሉኝ። ሹፌሩ ቸኩሎ ስለነበር ሌላ አልተነጋገርንም።

ጠበቅሁ። ከወዲያ አንድም መኪና አልመጣም። ሹፌሮቹ ጥሩንባ እየነፉ ሰደቡኝ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይለኝ ነበር አሚኑ፤ አልሰማሁትም። በሱ በኩል መኪና ጠፍቶ ነው ብዬ አረንጓዴውን ባንዲራ አነሳሁ። እሱ ግን ዱላው ሳይደርሰው ማንንም አልለቀቀም። ምን ሆና ነው ብሎ በተዋሰው ብስክሌት ወደኔ እየመጣ ነበር። መጀመሪያ የለቀቅኩት መኪና ጠመዝማዛው ላይ አገኘው። ኪሱ ውስጥ ሁለት ፍሬ ዘይቱን ነበር አሉ።

የሥራ አለቃችን ፎርማኑ "አሚኑ ዱላውን ተቀብሎ ጥሎታል፣ ጥፋቱ የራሱ ነው" ብሎ ጻፈ። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ፈረምኩ። እናቱ እትዬ ሳሌሃ "ልጄ የተሰጠውን የሚጥል ነበር ወይ?" ብለው ሲጠይቁኝ ፊቴን አዙሬ ሄድኩ። አፍራለሁ እማዬ።

ባለፈው ሐሙስ ሰፍያ መልእክትሽን አደረሰችኝ። አባባ የሰጠኋቸውን ምርኩዝ ይዘው መስጊድ እንደሚሄዱ፣ ቀለሙ እንዳይለቅ በጨርቅ እንደጠቀለሉት፣ ጠዋት ማታ እንደሚመርቁኝ ነገረችኝ። ለካ ስጦታ መስሏቸው፣ አሚኑ ጋ ሳይደርስ ይዘውት ደጃችሁ ወርደዋል። ከዚያ ወዲህ እጄ የኔ አይመስለኝም።

አሁን በሰፍያ እጅ የወይራ ምርኩዝ ልኬላቸዋለሁ። ቀለም የለበትም። እሱን ስጫቸውና ያኛውን ለሰፍያ አስይዢልኝ። ለምን ካሉሽ፣ ለሥራዋ ፈልጋው ነው በያቸው፤ ሌላ ቃል አትጨምሪ። መጀመሪያ ለእትዬ ሳሌሃ አሳያቸዋለሁ፣ ከዚያ ለፎርማኑ። ለማን ሰጠሽው ሲሉኝ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ፣ ሌላ ስም አልጠራም።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፤ ቤታችሁን በረካ ይሙላው። አባባን፣ ምርቃታቸው ደርሶኛል በያቸው።

ልጅሽ