የሰብሊ ጾም

ሰብሊ፣
አንች መነኩሲት! በበዓለ ሃምሳ ማን ይጾማል? ቄሶቹ እንኳ ረቡዕ ሥጋ እየበሉ፣ አንች ማታ ማታ «ጾመኛ ነኝ» ትይኛለሽ! እኔ ሞኟ ደግሞ አምኜሽ ብቻዬን እበላለሁ።

ጎርፉ እህላችሁን ከነጎተራው እንደወሰደው የሀገርሽ ልጅ ታደለ ነገረኝ። ከሱ መስማቴ...
ተይው።

የስንቅ ከረጢትሽን ክፈችው። በሶው የኔ ነው፣ ሽሮው የእሌኒ፣ ያ ድንጋይ የመሰለው ዳቦ የበለጠች። የግቢው ተማሪ ሁሉ ከየስንቁ ቆንጥሮ ነው የሞላልሽ። እንዳትመልሽ! አምና በረዶው የእነበለጠችን ማሳ ሲያወድመው አንችስ ቀድመሽ ሰጥተሽ የለ?

ስንቅ ላመጣ ቡሬ ሄጃለሁ፣ እሁድ እመጣለሁ። ጀሪካኑን ቅጅበት።

ብይ እሽ? ሌሊት ሆድሽ ሲጮህ እኮ እኔም አልተኛም።

እፀገነት