እናት የሆነችው ልጅ

ለታናሽ እህቴ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እንዴት ከርመሻል? የጫማ ፋብሪካው ሙጫ ሽታ አሁንም ራስሽን ያሳምምሻል? መስኮት አጠገብ አስቀምጡኝ በያቸው፤ አንቺ ዝም እያልሽ ነው የምትጎጂው። እዚህ ሩዙ ታጭዷል። ልጅሽ ቹንያንም ደኅና ናት።

ስለ እሷ ልጽፍልሽ ነው የተቀመጥኩት። ደክሞኛል፤ ጽሕፈቴ ቢጣመም አትፍረጂብኝ።

ትናንት አውድማው ላይ ልጆቹ ዕቃ ዕቃ ይጫወቱ ነበር። ድስቱ ከኩሬው ጭቃ፣ ወጡ የስኳር ድንች ቅጠል። እኔ የተሰጣውን ሩዝ አገላብጣለሁ። ቹንያን፣ እናት እኔ ነኝ አለች። ከረጢት ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች፤ ልጅ ነው ያሉትን የበቆሎ ቆረቆንዳ ሳመች፤ ሄደች። አውቶቡስ የሚቆምበት መንገድ ዳር ስትደርስ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። ቆመች፣ ቆመች።

አባት የሆነው የጎረቤታችን ልጅ ዳፑ፣ አንቺ ጅል፣ ነይና ሩዝ ቀቅይ እንጂ፣ ልጅሽ በረሃብ ሊሞት ነው! ብሎ ጮኸባት። ዞር እንኳ አላለችም። እናት አይደለሁ እንዴ? አዲስ ዓመት መቼ ደረሰና! አለችው። ልጆቹ አልሳቁም። እውነቷን ነው አሉ። አንዷ፣ ታዲያ ሩዙን ማን ይቀቅላል? ብትል፣ አክስት ናታ! አለቻት ቹንያን።

ሥራዬን መቀጠል አቃተኝ። ሩዙ መሀል ተቀመጥኩ።

ባለፈው ወር ከተማ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ለቹንያን ጥርሴን ነው ብያታለሁ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ጨዋ። ውጤቱን አገላብጦ አየና፣ እትዬ፣ ዘመድ ይዘው ይምጡ አለኝ። ለራሴ ንገረኝ ብለውም፣ ግዴለም፣ ዘመድ ይምጣ ብሎ ፈገግ አለልኝ። በእናታችን የመጨረሻ ሕመም ጊዜ የተጠራሁት ዘመድ እኔ ነበርኩ። ታስታውሻለሽ።

ስለዚህ ዘንድሮ ለመምጣት አዲስ ዓመትን አትጠብቂ። አለቃሽ ቢቆጣም ይቆጣ።

ስትመጪ ሮጠሽ አትቀፊያት፤ ትደነግጣለች። በእንቅልፍ ልቧ ትወራጫለች፤ በግድግዳው በኩል አስተኚያት። የክረምት ካፖርቷን አስፍቼ ሰፍቻለሁ፤ ለሚቀጥሉት ዓመታትም ይሆናታል።

መንገድሽ ይቅና። እጅሽ አይዛል። በሰላም ግቢልኝ።

ፀጉሯን ስትጎነጉኚላት በግራ ጆሮዋ በኩል አታጥብቂባት። ያማታል፤ ግን አትነግርሽም።

ታላቅ እህትሽ